«ወረቀቱ ታይፎይድ ይላል»፦ ስለ ላብራቶሪ ውጤት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የምሠራው ላብራቶሪ ውስጥ ነው። ቀኑን ሙሉ ደም፣ ሽንትና ሰገራ ሳይ እውላለሁ። ውጤቱን በመስኮት አሳልፌ ስሰጥ የሚከተሉት ጥያቄዎች ከዓመት ዓመት ያው ናቸው። በመስኮት በኩል በግማሽ ደቂቃ የሚመለሱ አይደሉም፤ ከኋላ ሰልፍ አለ። ስለዚህ እዚህ በሰፊው ልመልሳቸው። ምርመራ አይረባም የሚል ሰው ካለ እኔ አይደለሁም። ሥራዬን እወደዋለሁ። ግን ወረቀት ብቻውን የሰውን ሕመም አያውቅም፤ ይሄንን ደግሞ በየቀኑ አየዋለሁ።

ወረቀቴ ላይ ታይፎይድ ፖዘቲቭ ይላል። ታይፎይድ አለብኝ ማለት ነው?

ሊኖርብዎት ይችላል። በዚህ ወረቀት ብቻ ግን አለብዎት ማለት አይቻልም።

በብዙ ክሊኒክ የሚሠራው ምርመራ ዊዳል ይባላል። ስሙን ያገኘው በ1896 (በፈረንጆች አቆጣጠር) ካስተዋወቀው ፈርናንድ ዊዳል ከተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም ነው። በዘመኑ ትልቅ ነገር ነበር። ርካሽ ስለሆነና ቶሎ ስለሚደርስ እስከዛሬ አለ።

አሠራሩን ልንገርዎት። ከደምዎ ላይ ፈሳሹን ክፍል፣ ሴረም የምንለውን፣ እንለያለን። አንድ ጠብታ ስላይድ ላይ እናደርጋለን። በላዩ ላይ ከትንሽ ብልቃጥ ቀለም ያለው ፈሳሽ እንጨምራለን። አንዱ ብልቃጥ «ኦ»፣ ሌላው «ኤች» ይባላል፤ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ሰማያዊ ነው፣ ሁለተኛው ቀይ። ፈሳሹ ውስጥ የሞቱ የታይፎይድ ባክቴሪያዎች አሉ። ቀላቅለን፣ ስላይዱን ይዘን፣ ለአንድ ደቂቃ ያህል ቀስ እያልን እናወዛውዘዋለን። ደምዎ ባክቴሪያውን የሚያውቅ አንቲቦዲ ካለው፣ ያ ለስላሳ ፈሳሽ ይቆራረጣል። አሬራ እሳት ላይ ወጥቶ አይብ ሊሆን ሲል እንደሚቆራረጠው ማለት ነው። ፖዘቲቭ የሚባለው ይሄ ነው።

እንግዲህ እዚህ ላይ ያየነው አንቲቦዲውን እንጂ ባክቴሪያውን አይደለም። አንቲቦዲ ሰውነት የሚይዘው ትዝታ ነው። ከወራት በፊት ካለፈ ሕመም ሊቀር ይችላል። የታይፎይድ ዘመድ የሆኑ ሌሎች ሳልሞኔላዎች ሊያመጡት ይችላሉ። የወባ በሽተኛ ላይ ፖዘቲቭ ሊወጣ ይችላል። ክትባት የተከተበ ሰው ላይም እንደዚያው። በተቃራኒው፣ እውነተኛ ታይፎይድ የያዘው ሰው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቢመጣ ገና አንቲቦዲ ስላልሠራ ነጻ ሊባል ይችላል።

ወረቀቱ ላይ 1:80 ወይም 1:160 የሚል ቁጥር ያያሉ። ሴረሙ ያን ያህል ቀጥኖም ቢሆን ተቆራርጧል ማለት ነው። ታይፎይድ በሚበዛበት አገር ምንም ያላመመው ሰው 1:80 ቢኖረው አይገርምም። ለዚህ ነው አንድ ቁጥር ለብቻው ብዙ የማይናገረው። በወጉ ቢሠራ፣ ከሳምንት እስከ አሥር ቀን ልዩነት ሁለት ጊዜ ደም ይወሰዳል፤ ቁጥሩ በአራት እጥፍ ካደገ ያኔ አንድ ነገር ይናገራል። ለሁለተኛው ደም ተመልሶ የሚመጣ ሰው ግን የለም ማለት ይቻላል። በሁለተኛው ሳምንት ሰው ወይ ተሽሎታል፣ ወይ ሌላ ክሊኒክ ገብቷል።

አንድ ነገር ልጨምር። ስላይዱ ከደቂቃው በላይ ከቆየ ጠርዝ ጠርዙ መድረቅ ይጀምራል። የደረቀው ደግሞ የተቆራረጠ ይመስላል። ፖዘቲቭ የሚባለው ነገር በዚህች ታህል ሊወሰን ይችላል።

ታዲያ መድኃኒቱን ስወስድ ለምን ተሻለኝ?

ይሄ ተገቢ ጥያቄ ነው። ብዙ ትኩሳት በራሱ ጊዜ ይለቃል። ጉንፋንና ሌሎች የቫይረስ ሕመሞች አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት ውስጥ ይሄዳሉ። ሰው ሐኪም ቤት የሚሄደው ሲብስበት፣ ማለትም በሦስተኛው በአራተኛው ቀን ነው። መድኃኒቱ ሲጀመር ሕመሙ ሊለቅ አንድ እግሩን አውጥቷል። ሲለቅ ምስጋናው ለአንቲባዮቲኩ፣ ለሲፕሮው ይሆናል።

ሌላው ደግሞ አንቲባዮቲኩ እውነትም ሠርቶ ሊሆን ይችላል፤ ግን በሌላ በሽታ ላይ። የሽንት ኢንፌክሽን ኖሮብዎት በታይፎይድ ስም ታክመው ሊሆን ይችላል። አሁን ተሽሎዎታል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ግን የሚፈለገው ነገር ተሳስቷል። ሲፕሮና ሴፍትሪያክሶን እንዲህ በየሰበቡ ሲወሰዱ ባክቴሪያዎች ይለምዷቸዋል። ያኔ እውነተኛው ታይፎይድ ሲመጣ መድኃኒቱ እምቢ ይላል።

«ታይፎይድም ታይፈስም አለብህ» ተባልኩ። ሁለቱ አንድ ላይ ይይዛሉ?

ስማቸው ተቀራረበ እንጂ ሁለቱ አይገናኙም። ታይፎይድ የአንጀት ተስቦ የምንለው ነው። የሚመጣው በተበከለ ምግብና ውሃ ነው። ታይፈስ ደግሞ ተስቦ ነው፤ አያቶቻችን የሚያውቁት፣ በልብስ ቅማል የሚተላለፈው፣ ሰው በተጨናነቀበትና ልብስ ማጠብ በማይቻልበት ቦታ የሚነሳው። የሚያመጣቸው ተሕዋስ ለየቅል ነው፤ መድኃኒታቸውም እንደዚያው። ለተስቦ ዶክሲሳይክሊን ይሰጣል።

የታይፈስ ምርመራው ዌይል ፊሊክስ ይባላል፤ ከ1916 ጀምሮ ያለ ነው። የሚገርመው፣ ብልቃጡ ውስጥ ያለው የተስቦ ተሕዋስ እንኳን አይደለም። ፕሮቲየስ የሚባል ሌላ ባክቴሪያ ነው፤ አንቲቦዲዎቹ በአጋጣሚ ስለሚመሳሰሉ በምትክ ይሠራበታል። ፕሮቲየስ ደግሞ ራሱ የሽንት ኢንፌክሽን ያመጣል። ስለዚህ ሽንት የሚያቃጥላት ሴት «ታይፈስ» ልትባል ትችላለች። በአንድ ቀን ሁለቱንም ፖዘቲቭ የሆነ ሰው ሳይ፣ ሁለት በሽታ ገጠመው ብዬ ሳይሆን ሁለት ደካማ ምርመራ አንድ ቀን ተሠራለት ብዬ ነው የማስበው።

ትክክለኛው የታይፎይድ ምርመራ ታዲያ የቱ ነው?

የደም ካልቸር። ደሙ ባክቴሪያ የሚያበቅል ፈሳሽ ያለበት ጠርሙስ ውስጥ ይገባና ለቀናት ይጠበቃል። ባክቴሪያው ራሱ ካደገ ነገሩ አበቃ፤ የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለውም አብሮ ይታወቃል።

እሱም ቢሆን እንከን አለው። ታይፎይድ ካለባቸው 10 ሰዎች ውስጥ የሚያገኘው 6 ያህሉን ነው። ሰውየው አስቀድሞ አንቲባዮቲክ ከዋጠ ደግሞ ይቀንሳል። ሁሉም ቦታ አይሠራም፤ ዋጋውም ከዊዳል በላይ ነው። ለዚህ ነው «ለማንኛውም» ብለው ቤት የተረፈ ሁለት ፍሬ ሲፕሮ ከመዋጥዎ በፊት ሐኪም ዘንድ ይሂዱ የምለው። ሁለቱ ፍሬ አያድንም፤ ምርመራውን ግን ያበላሸዋል።

ወባ የለብህም ተባልኩ፤ ትኩሳቱ ግን አልለቀቀኝም።

አንድ ጊዜ ነጻ መባል ወባን ከጨዋታ አያወጣም። ብለድ ፊልም፣ ማለትም ስላይድ ላይ የተቀባ ደም፣ ስናይ ተሕዋሱን በማይክሮስኮፕ ነው የምንፈልገው። ቁጥሩ ገና ትንሽ ከሆነ ያመልጠናል። ስለዚህ ጥርጣሬው ካለ በየ12 ወይም በየ24 ሰዓቱ፣ እስከ ሦስት ጊዜ መድገም የተለመደ ነው።

በጣት ደም የሚሠራው ፈጣን ምርመራ የራሱ ጉድ አለው። ብዙዎቹ ኤችአርፒ2 የሚባል የወባ ፕሮቲን ነው የሚፈልጉት። ኢትዮጵያና ኤርትራን ጨምሮ በአፍሪካ ቀንድ ግን ይህን ፕሮቲን የማይሠሩ የወባ ተሕዋሳት ተገኝተዋል። ወባው አለ፣ ምርመራው አያየውም።

ሐኪሙ ባይጠይቅዎ እንኳ ይንገሩት፦ ከመተማ፣ ከሁመራ፣ ከጋምቤላ ወይም ከአርባ ምንጭ መጥተው ከሆነ፣ ከወራት በፊትም ቢሆን። ቫይቫክስ የሚባለው ወባ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ቆይቶ ያገረሻል። አዲስ አበባ ሆነው ቢያንቀጠቅጥዎ ወባን ላያስቡት ይችላሉ። ላብራቶሪው ደግሞ ያልታዘዘውን አይሠራም።

ሐኪም ጋ ሳልሄድ በቀጥታ ላብራቶሪ ብሄድስ? ካርድና ወረፋ ይቀርልኛል።

ለምን እንደሚያስቡት ይገባኛል። የካርድ ይከፈላል፣ ቀኑ ይባክናል፣ ሐኪሙ አምስት ደቂቃ አይቶዎት «ምርመራ አሠራ» ብሎ ይልክዎታል። «ያው ላብራቶሪ ለሚልከኝ በቀጥታ ልሂድ» ይላሉ።

የአክስቴን ነገር ልንገርዎት። ማታ ማታ ያተኩሳት ነበር፤ ያልባታል። ሰፈር ያለ ክሊኒክ ገባች። ዊዳል ፖዘቲቭ። መርፌ ተወጋች። ትንሽ ቀለል አላት፣ ከወር በኋላ ተመለሰባት። እንደገና ዊዳል፣ እንደገና ፖዘቲቭ፣ እንደገና መርፌ። ሦስተኛው ዙር ላይ ቀሚሷ ሰፍቷት ሳያት ደነገጥኩ። ሌላ ሐኪም ቤት ወሰድኳት። እዚያ ያገኘናት ወጣት ሐኪም ወረቀቶቹን ተቀብላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠቻቸው። «እማማ፣ እስቲ ነጠላዎን ያውርዱልኝ» አለቻት። አክስቴ ነጠላዋን አንገቷ ላይ ሁለት ዙር ጠምጥማ ነው የምትሄደው፤ ይበርዳታል። ሐኪሟ አንገቷን በሁለት እጇ ዳበሰች። በግራ በኩል፣ ከመንጋጋዋ ሥር፣ ሽምብራና ባቄላ የሚያካክሉ እጢዎች ተደርድረዋል። ከእጢው በመርፌ ናሙና ተወሰደ። ቲቢ ነበር፤ የእጢ ቲቢ። የስድስት ወር መድኃኒቷን ጨረሰች፣ ዛሬ ደህና ናት።

በሦስት ወር ውስጥ ነጠላዋን አውርጂ ያላት ሰው አልነበረም። እኔም አላልኳትም። የላብራቶሪ ሰው ስለሆንኩ እኔም የጠየቅኩት ወረቀቱን ነበር።

ሐኪም የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ስንት ቀን እንደሆነዎት፣ ክብደት እንደቀነሱ፣ ቤት ውስጥ የሚያስል ሰው እንዳለ ጠይቆ፣ ሆድዎን ነክቶ፣ ደረትዎን አዳምጦ፣ ከዚያ «ይሄንን ፈልጉልኝ» ብሎ ነው ወደ እኛ መላክ ያለበት። ያለ ጥያቄ የመጣ ደም ያለ ጥያቄ መልስ ይዞ ይመለሳል። አምስት ደቂቃ እንኳ ሳያይዎ ወረቀት የሚጽፍ ሐኪም ከገጠመዎት ደግሞ ይጠይቁት። «ዶክተር፣ ምንድን ነው የጠረጠሩት? ውጤቱ ነጻ ቢሆንስ ምን እናደርጋለን? በስንት ቀን ካልተሻለኝ ልመለስ?» ነውር የለውም። ጥሩ ሐኪም ደስ ይለዋል።

ሙሉ ቼክአፕ ባሠራ አይሻልም? ብዙ ምርመራ ብዙ ማረጋገጫ ነው።

አይደለም። ወረቀቱ ላይ ከውጤትዎ አጠገብ የሚጻፈው «ኖርማል» ልክ እንዴት እንደሚወጣ ይወቁ። ብዙ ጤነኛ ሰዎች ይመረመሩና መሐል ያሉት 95 በመቶ «ኖርማል» ይባላሉ። ስለዚህ ከ20 ጤነኛ ሰዎች አንዱ ከመስመር ውጭ ይወጣል፤ ምንም ሳይሆን። አሁን እርስዎ በአንድ ቀን 20 የማይያያዙ ምርመራዎች ቢያሠሩ፣ ፍጹም ጤነኛ ሆነው ቢያንስ አንዱ ላይ «ከመስመር ውጭ» የሚል የኮከብ ምልክት የመታየት ዕድሉ ከመቶ 64 ነው።

ሌላ ስሌት እነሆ። አንድ በሽታ ከ1,000 ሰዎች 10ሩን ይዟል እንበል። ምርመራው ጎበዝ ነው፤ ከታመሙት 90 በመቶውን ያገኛል፣ ከጤነኞቹ 90 በመቶውን በትክክል ነጻ ይላል። ሁሉንም ብንመረምር፣ ከ10ሩ ሕመምተኞች 9ኙ ፖዘቲቭ ይሆናሉ። ከ990 ጤነኞች ደግሞ 99ኙ በስህተት ፖዘቲቭ ይሆናሉ። ፖዘቲቭ የተባሉት 108 ናቸው፤ በእርግጥ የታመሙት 9። ያው ምርመራ ምልክት ባላቸው ሰዎች ላይ ቢሠራ ግን ፖዘቲቩ የበለጠ ይታመናል።

የደም ግፊትና የስኳር ምርመራ በዕድሜ፣ የማኅፀን በር ካንሰር ቅድመ ምርመራ ለሴቶች፣ እነዚህ ይደረጉ እላለሁ። «ያለውን ሁሉ ሥሩልኝ» የሚለው ነው የማይመቸኝ።

የምኖረው ውጭ አገር ነው። ምንም ሳያመኝ «ነጭ የደም ሴልህ አንሷል» አሉኝ። ካንሰር ነው?

አሜሪካም እስራኤልም ካሉ ወገኖች ይሄ ጥያቄ ደጋግሞ ይመጣል። ኒውትሮፊል የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች በተፈጥሮ ዝቅ የሚሉባቸው ሕዝቦች አሉ። ብዙ አፍሪካውያን፣ የየመን አይሁዶች፣ ቤተ እስራኤላውያንም ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። ቀይ የደም ሴል ላይ ካለው ዳፊ ከሚባለው የደም ዓይነት ጋር ይያያዛል። በሽታ አይደለም፤ ከሌላው በበለጠ ለኢንፌክሽንም አያጋልጥም። «ኖርማል» የሚለው መስመር በሌሎች ሰዎች ደም ስለተሰመረ ነው ዝቅ ያለ የሚመስለው። ለሐኪምዎ የመጡበትን አገር ይንገሩ፣ የድሮ ውጤት ካለዎት ያሳዩ። ትኩሳት፣ ክብደት መቀነስ ወይም የአፍ ቁስል አብሮ ካለ ግን ሌላ ነገር ነውና በደንብ ይታይ።

በዚያው የክንድ ላይ የቲቢ ምርመራ አብጦ «ፖዘቲቭ ነሽ» የተባላችሁ አላችሁ። በሕፃንነት የተከተባችሁት የቲቢ ክትባት፣ ቢሲጂ፣ ሊያሳብጠው ይችላል። ኳንቲፌሮን የሚባለው የደም ምርመራ በቢሲጂ አይታለልም፤ እሱን ጠይቁ። እሱም ፖዘቲቭ ቢሆን የቲቢ ተሕዋስ ሰውነታችሁ ገብቷል ማለት ነው እንጂ አሁን ታማችኋል ማለት አይደለም። ከዚያ በኋላ ያለው የሐኪምና የራጅ ሥራ ነው።

የጨጓራ ባክቴሪያ መድኃኒቴን ጨርሼ ደም ብመረመር አሁንም ፖዘቲቭ ነው።

የደሙ ምርመራ እንደ ዊዳል አንቲቦዲ ነው የሚያየው። ባክቴሪያው ከጠፋ በኋላም ለረጅም ጊዜ ፖዘቲቭ ይላል። መዳንዎን ማወቅ ከፈለጉ የሰገራ አንቲጅን (የባክቴሪያውን አካል ሰገራ ውስጥ የሚፈልግ) ወይም የትንፋሽ ምርመራ ነው። አንቲባዮቲኩ ካለቀ ቢያንስ 4 ሳምንት፣ ኦሜፕራዞል ካቆሙ 2 ሳምንት ይለፍ። አለዚያ በስህተት ነጻ ሊልዎት ይችላል።

ሁለት ላብራቶሪ ሄጄ ሁለት የተለያየ ውጤት ሰጡኝ። ማንን ልመን?

ትንሽ ልዩነት ያለ ነው፤ ማሽኑ ይለያያል፣ የበሉበት ሰዓት ይለያያል። ትልቅ ልዩነት ከሆነ ናሙናው ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል። ለምሳሌ ደሙ ሲቀዳ ቀይ ሴሎቹ ከፈረሱ ፖታሲየም በሐሰት ከፍ ይላል። ሁለቱንም ወረቀት ይዘው ሐኪምዎ ጋ ይሂዱ። ሦስተኛ ላብራቶሪ አይሂዱ።

ሁሉም ነገር ኖርማል ነው ተባልኩ። እኔ ግን አሞኛል።

አምንዎታለሁ። ወረቀቱ «የፈለግነውን አላገኘንም» ነው የሚለው። ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) የጀመረው ሰው የመጀመሪያ ኢሲጂው፣ ማለትም የልብ ምቱ በወረቀት የሚነሳበት ምርመራ፣ ደህና ሊሆን ይችላል። ትሮፖኒን የሚባለው የደም ምርመራም ከፍ ለማለት ሰዓታት ይፈልጋል፤ ለዚህ ነው የሚደገመው። የኤችአይቪ ምርመራ ከተጋለጡ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሳምንታት ላያሳይ ይችላል፤ በ3 ወር ይደገማል። አንድ ጊዜ የታየ ሰገራ ብዙ ጥገኛ ትል ያመልጠዋል። ድብርት፣ ማይግሬን፣ ጭንቀት ደግሞ የደም ምርመራ የላቸውም፤ እውነተኛ ሕመሞች ናቸው። «ምንም የለብህም» ከተባሉ ተመልሰው «አሁንም ያመኛል» ይበሉ። ወደ ያው ሐኪም መመለስ ከአዲስ መጀመር ይሻላል፤ የመጀመሪያውን ያውቃልና።

ውጤት ሳልጠብቅ መሮጥ ያለብኝ መቼ ነው?

ትኩሳት ያለበት ሰው ከቀባዠረ፣ አንገቱ ከደረቀ ወይም ካንዘፈዘፈው። ትንፋሽ ካጠረ። ደረት ተጨንቆ ወደ ክንድና መንጋጋ ከሄደና ቀዝቃዛ ላብ ካላበ። ደም ካስመለሰ ወይም ሰገራው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ። ነፍሰ ጡር ከደማች፣ ወይም ከባድ ራስ ምታትና የዓይን ብዥታ ካላት። ሕፃን ጡት እምቢ ካለ፤ ከ3 ወር በታች ሆኖ ካተኮሰው ደግሞ ያለ ሌላ ምልክትም ቢሆን። ታይፎይድ የተባለ ሰው በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሳምንት ሆዱን ድንገት አጥብቆ ካመመውና ሆዱ ከጠነከረ፣ አንጀቱ ተበስቶ ሊሆን ይችላል፤ የቀዶ ጥገና ጉዳይ ነው።

ውሻ ከነከሰዎት ደግሞ «ልመርመርና ልይ» አይበሉ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከመታየቱ በፊት ነጻ ነዎት የሚልዎት ምርመራ የለም፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ ደግሞ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ይጠቡት፤ ወዲያው ለክትባቱ ይሂዱ።

የድሮ ወረቀቶቼን ልጣላቸው?

አይጣሉ። በፌስታል አድርገው፣ በቀን አስተካክለው ያስቀምጧቸው። የትኛውን መድኃኒት ለስንት ቀን እንደወሰዱ ጀርባው ላይ በእስክሪብቶ ይጻፉበት። የዛሬ ሄሞግሎቢንዎ 12 ቢሆን ብዙም አይነግረኝም። ያለፈው ዓመት 15 እንደነበረ ካየሁ ግን ስልኬን አንስቼ ሐኪምዎ ጋ እደውላለሁ።